ከውስጥ የሚዘጋ በር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለጉልቤ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? ያንን ጥቁር መነጽር ሳታደርግ ብረት እንደማትበይድ በልጅህ ስም ምለህልኛል፤ መሐላህን እያሰብኩ እተኛለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጣራው ማፍሰሱን ተወ፤ ጎረቤታችን ግን ዶሮዎቿን እኛ ግቢ ማሰማራቷን አልተወችም።

«በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ይሉታል፣ ለምን በስልክ አታወሪኝም» ብለሃል። ምን ላድርግ? በስልክ አንተ ትጮሃለህ፣ ከኋላህ መዶሻው ይጮሃል፣ ቁም ነገሩ ላይ ስንደርስ መስመሩ ይቆረጣል። ደግሞ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር የተነገረ አይመስለኝም። ደርሻለሁም ቢሆን ደብዳቤ ማመላለሱን ወዶታል። ማነው እሱ እንዳትለኝ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፣ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ስልክ አንስቶ «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» የሚለው ሰውዬ።

ልጅህ ሚጡ ደህና ናት። ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ በመሆኗ እንዳታስብ፤ እኔ ነኝ እሷ ጋ ያለሁት የሚመስለው፣ ቤቱን የምታዘው እሷ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስለሆነች ዘንድሮ ዋናውን ፈተና ትወስዳለች። ሒሳቧን ነው የጠየቅኸኝ፣ አውቃለሁ። ጭንቅላቷ ጎበዝ ነው፤ ያንተን ሳይሆን የእኔን ነው የወሰደችው። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለትምህርት ቤታችን ሁለት የብረት በር ትሠራልኝ እንደሆነ? ትርፍራፊ ላሜራ ካለ ይበቃል፤ የወርክሾፑ ባለቤት እንዳይቆጣህ። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጎን ለጎን ናቸው፣ በር ኖሯቸው አያውቅም። ስፋትና ከፍታውን ከጀርባ ጽፌልሃለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ብቻ ጠንካራ ይሁን፣ ቶሎም ይድረስልኝ።

ሚጡ የራሷን ደብዳቤ ለብቻው አሽጋለች። አላየሁትም።

እህትህ


ጥቅምት 28

ለእታለም፣ ለእህቴም ለእናቴም፤

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ብዙ ነው፤ እጄ ዘይት ስለሆነ ነው እንጂ ገጹን በእሱ ብቻ እሞላው ነበር። አዎ፣ መነጽሩን አደርጋለሁ። አዎ፣ ቁርስ እበላለሁ። ኧረ አላገባሁም፤ ማን ያገባኛል፣ ሸሚዜ ሁሉ በፍንጣሪ ተበስቶ ወንፊት ሆኗል።

እቴ፣ የልጄን ደብዳቤ አይተሽው ቢሆን! ሰባት ገጽ! አምና አንዷን ገጽ ለመሙላት ፊደሏን እንደ በሬ ታሰፋው አልነበር? ዘንድሮ የጎረቤትሽን ዶሮዎች ጠባይ አንድ በአንድ ጽፋልኛለች፤ የትኛዋ ቀናተኛ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንቁላሏን እንደምትደብቅ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ እስከ የት ድረስ እንደምትሄድ ሳይቀር ጽፋለች። ለወርክሾፑ ሰው ሁሉ አነበብኩላቸው። ባለቤቱ ማሽን አስቁሞ ሰማ፤ ማሽን አስቁሞ የሚሰማው የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ብቻ ነው። «ይቺ ልጅ ደራሲ ናት» አለ። እኔም አፌን ሞልቼ «የእህቴ ሥራ ነው» አልኩ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በር ቢጠይቀኝ አጥርም እጨምርለታለሁ። «ጠንካራ ይሁን» አልሽ አይደል? ወፍራሙን ላሜራ ነው የወሰድኩት። ከውጭ በኩል ለጓጉንቸር የሚሆን ጆሮ በይጃለሁ፣ በየበሩ ከላይም ከታችም። ከውስጥ ልሙጥ ነው፣ ጥፍር እንኳ የሚይዘው ነገር የለም። ሌባ ሳምንት ቢታገለው እጁን አቅፎ ይመለሳል። የመጽሐፍ መጋዘን ነው ወይስ የቤተ ሙከራ ዕቃ ልታስቀምጡበት? አልነግርህም ካልሽ ይሁን። ደርሻለሁ ጣራው ላይ ጭኖታል፤ ተሳፋሪው «ቤት ነው እንዴ የምትጭነው?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር።

ሒሳቧን ግን አልነገርሽኝም። እኔ ውጤቷን ነው የጠየቅኩት፣ ስለ ጭንቅላቷ ማን ጠየቀ?

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ወንድሜ፤

በሮቹ ደርሰዋል። እጅህ ይባረክ። ደርሻለሁ ከጣራ ሲያወርዳቸው የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ከቦ አየ። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ በጣቱ አንኳኳና «ይሄ ነው ንብረት!» አለ። ወንበር ቢሰበር፣ ጠመኔ ቢወድቅ፣ ልጅ ቢወድቅም «ንብረት!» ስለሚል ተማሪዎቹ ስሙን ንብረት ብለውታል። የዚያኑ ቀን አስገጠማቸው፤ ጓጉንቸር ገዝቶ ቆለፋቸው፤ ቁልፎቹን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀላቸው። አለቀ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል። ክፍሎቹ የሴቶቹ ሽንት ቤት ናቸው። ለወንድሜ በደብዳቤ «ሽንት ቤት» ብዬ ልጽፍ አፈርኩ። እኔ! ያስተማርኳቸው ልጆች ልጅ ወልደው ባመጡልኝ ዕድሜ! አጉል ይሉኝታ ያዘኝና «ትንንሽ ክፍል» አልኩህ፤ አንተ ምን ታድርግ፣ መጋዘን መሰለህ፣ የመጋዘን በር ሠራህ። አሁን አንዲት ልጅ መግባት ስትፈልግ ወንዶቹ መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ቢሮ ገብታ «ቁልፍ ስጡኝ» ማለት አለባት። አንዷ ሞከረች። ንብረት «ለምንድነው የፈለግሽው?» አላት። ሮጣ ወጣች። ክፋት የለውም እኮ፣ እውነት አልገባውም ነበር፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።

ሒሳቧን ጠይቀኸኛል። ሚጡ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ከሰዓት መግባት አቆመች። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው፤ የማስተምረውም እኔ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዘወር ባልኩ ቁጥር የማየው ባዶ ወንበሯን ነው። ያ ለሰው ሁሉ ያነበብከው ሰባት ገጽ ደብዳቤ የተጻፈው ቤት ተቀምጣ ነው። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ የት እንደምትደርስ እንዴት አወቀች ብለህ አልጠየቅህም።

እሷ ብቻ አይደለችም። ትልልቆቹ ሴቶች ላለመቸገር ብለው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጡም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ይሄዱና በዚያው ይቀራሉ። እኔም ለዓመታት «ሴቶች ከሰዓት ይሰንፋሉ» ሲባል እየሰማሁ ዝም ስል ኖሬያለሁ።

ሚጡ ከሰዓት መግባት ያቆመች ዕለት የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። በር በሌለው ክፍል ውስጥ ነበረች። ከኋላ አጥሩ በፈረሰበት በኩል ሥራ ፈት ጎረምሶች ይገባሉ። መውጫውን ዘግተው ቆመው ሳቁባት። የጽዳት ሠራተኛዋ ደርሳ በመጥረጊያ አባረረቻቸው። ማንም አልነካትም፤ ይህን በእናታችን እምልልሃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ቤት ውስጥም በሹክሹክታ ነው፣ ዶሮ ስታባርር እንኳ በሹክሹክታ።

የደበቅሁህ ከነገርኩህ መጥተህ ትወስዳታለህ ብዬ ነው።

እህትህ


ኅዳር 25

እታለም፤

ልጄን ላኪልኝ። ዕቃዋን ጠቅልለሽ ደርሻለሁ ከፊት ወንበር ያስቀምጣት። የወርክሾፑ ባለቤት ሚስት ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ እዚያ ትውላለች፣ ሙያ ትማራለች። ፈተናው ጥንቅር ይበል። የእነዚያን ልጆች ቤት ጻፊልኝ። በሮቹን ለንብረት ተዪለት።


ታኅሣሥ 4

ጉልቤ፤

ከአንተ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ስለ ጤናዬ ባትጠይቅም ደህና ነኝ።

አልላክኋትም። ደርሻለሁ የፊቱን ወንበር ይዞ፣ ሞተር አስነስቶ ጠብቆን ነበር። እጄን አወዛወዝኩለትና ሄደ። ስልኩን ሳያነሳ ነው የሄደው፤ ሰውዬው እንኳ ከፍቶታል።

ተናደድ፤ ደምህ ቢፈላ አልፈርድብህም። ግን ስማኝ። እነዚያ ጎረምሶች ከተማቸው ውስጥ ይኖራሉ። ንብረት ቢሮው ይቀመጣል። እኔም ደመወዜን እየበላሁ እቀመጣለሁ። የምትወጣው ሚጡ ብቻ ናት ማለት ነው? ምን አጥፍታ? ዛሬ እሷን ስፌት ቤት ካስገባናት ነገ የጎረቤቷ ልጅ ትከተላለች፣ ከዚያ የሌላው፤ ንብረት ደግሞ የሴቶቹን ወንበር ቆጥሮ «ትርፍ ንብረት» ብሎ መጋዘን ይከተዋል። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። የተናደድከው እኔ ላይም ከሆነ ተናደድ፣ ልጅቷን ግን አትንካብኝ።

የልጆቹን ቤት አልጽፍልህም፤ እስር ቤት ስንቅ የማመላልስበት ጉልበት የለኝም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ቃላችንን ሰጥተናል፣ እነሱም ተጠርተው ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ ጉዳዩ ተይዟል። አባቶቻቸው አፍረው መጡ። አሁን የፈረሰውን አጥር እየገነቡ ያሉት እነሱ ናቸው።

ሚጡን «አባትሽ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። «እና ምን ይሻልሻል?» ስላት «ከውስጥ ቢዘጋ እገባለሁ» አለችኝ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን አለች። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የበራው። አንተም እኔም ንብረትም ስለ በር ስንጨቃጨቅ ማንኛችንም እነሱን አልጠየቅንም።

ሴቶቹን ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ሰብስቤ «ዛሬ የምናወራው ስለ ሽንት ቤት ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም፤ እንባቸው እስኪመጣ። ከሳቁ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን አሉ። የውጭው ጆሮ ይነሳ፣ ካለ ይቆለፋል አሉ። ብርሃን ከላይ ይግባ አሉ። አንዲት ጠብታ የምንላት የአንደኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ትንሿ ናት። «እኔስ እደርሳለሁ?» አለች። ሚጡ ተነስታ ክር አመጣች፤ ጠብታን ግድግዳ አስደግፋ ከመሬት እስከ ትከሻዋ ለካችና ቋጠረችው። ክሩን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። መቀርቀሪያው ከቋጠሮው በላይ እንዳይሆን ብላሃለች።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ንብረት «ከውስጥ ዘግታ ብትታመምስ? ራሷን ብትስትስ? በሩን ልሰብር ነው?» ይላል። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ሳስበው ግን ልክ ነው፤ ለበሩ ብቻ ብሎም አይደለም፣ የእህቱ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት። ለዚህ መላ ፈልግልኝ። በያጁ አንተ ነህ።

እህትህ


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለተከበርሽው፣ ለተወደድሽው፣ ለተፈራሽው ለእታለም፤

ለጤናሽ፣ ለእግርሽ፣ ለጣራሽ፣ ለጎረቤትሽ፣ ለዶሮዎቿ ለእያንዳንዳቸው፣ እንቁላሏን ለምትደብቀዋም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ። ይሄ ባለፈው የቀረውም የዚህኛውም ነው፤ ደምረሽ ተቀበዪው፣ ሒሳብ አስተማሪ ነሽ።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ያቺን ክር ከኪሴ አውጥቼ የወርክሾፑ ምሰሶ ላይ አሰርኳት። ቋጠሮዋ ከቀበቶዬ በታች ነው። ከቀበቶዬ በታች፣ እቴ! ተንበርክኬ ዓይኔን እዚያ ጋ አደረግኩና በሮቼን አየኋቸው። ግቢው በሮች ሞልቶታል፤ የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የመጋዘን። ሁሉም ሰው ወጥቶ ሲሄድ የሚቆለፉ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ስበይድ ውስጥ ሰው ያለበት በር ሠርቼ አላውቅም። ልጄ ውስጥ ሆና ማሰብ ሲያቅተኝ ምን ዓይነት አባት ነኝ አልኩ።

ለንብረት መልስ አግኝቻለሁ። መቀርቀሪያው ከውስጥ በእጅ ይዞራል። ጫፉ በሩን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣና ክብ ሆኖ ልሙጥ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ጣት አያዞረውም፣ ሚስማር አያዞረውም፤ ለእሱ የሠራሁት ጠፍጣፋ ብረት ብቻ ነው የሚከፍተው። ያ ብረት የሚቀመጠው ባለ መጥረጊያዋ ሴትዮ ወገብ ላይ ነው። ንብረት ሚስማሩን ይንቀል። ስንቴ እንዳበላሸሁት አትጠይቂኝ። በመጨረሻ የሠራው ጊዜ የወርክሾፑን ባለቤት ራሱን ሽንት ቤት አስገብተን ሞከርነው፤ በጠፍጣፋው ብረት ከፍተን አወጣነው። «ሕፃን ልጅ እንኳ ይከፍተዋል አላችሁኝ፣ እኔን ግን ቀብራችሁኝ ነበር» እያለ ይሳደባል፤ በእልህ የገፋበት አቅጣጫ የተሳሳተ ነበር። አሁን ለቤቱም አንድ አዝዟል።

በሌላ ሰው እጅ አልልከውም። የበየድኩትን ጆሮ ራሴ ነኝ የምቆርጠው። ማሽኔን ይዤ እመጣለሁ። ሦስት ነገር መልሺልኝ፦ ግቢው ውስጥ መብራት አለ? የስፌት ቤቱን ነገር ሰምታለች? ሳያትስ ምን ልበላት?

ወንድምሽ


ጥር 3

ጉልቤ፤

መብራት አለ። ሰምታለች፤ ደብዳቤህን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው አንብባዋለች። አልተቀየመችህም፤ «አባዬ ፈርቶ ነው» ነው ያለችው። ምንም አትበላት። ሥራህን ሥራ፤ ማውራት ካማራት እሷ ታወራሃለች።

የወላጆች ስብሰባው አንተ በምትመጣበት ዕለት እንዲሆን ንብረትን አስፈቅጃለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ። ወንፊቱን አይደለም።

እህትህ


ጥር 26

እታለም፤

ሳልሰናበትሽ በመሄዴ ይቅር በዪኝ። «ደርሻለሁ ሞተር አስነስቶ ነበር» ብዬ በሰው የላክሁብሽ ውሸት ነው። ደርሻለሁ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር። ልቅሶ ያዘኝና ከኋላ ወንበር ሄጄ ማሽኔን አቅፌ ተቀመጥኩ። እሱም አይቶኝ ራዲዮኑን ከፍ አደረገልኝ። ደግ ሰው ነው፤ አይደርስም እንጂ።

ከንብረት ጋር ቢሮ ገብተን ምን ተባባልን ብለሽ እዚያው ጠይቀሽኝ ነበር። ምንም ክፉ ነገር አልተባባልንም። «ይህን የመሰለ ጆሮ ይቆረጣል? ንብረት እኮ ነው!» አለ። «የኔታ፣ እኔ የሠራሁት ተሳስቼ ነው፣ እርስዎ የቆለፉት እኔ ስለተሳሳትኩ ነው፤ ሁለታችንም ገብተን አናውቅም» አልኩት። ከዚያ ራሱ ተነስቶ ቁልፎቹን ከሚስማሩ አወረደና እጄ ላይ አስቀመጣቸው። ጓጉንቸሮቹን ግን አልሰጠኝም፤ «እነዚህ ንብረት ናቸው» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። ወይ ጉድ! ወደድኩት፣ ምን ላድርግ።

አንቺ ግን እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ? በደብዳቤ ለመጻፍ ያፈርሽውን ቃል በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት ጮክ ብለሽ ስትናገሪው ከጎኔ የነበረው አባት ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። «ልጆቻችሁ ሰነፎች አይደሉም፣ ውኃ ጠምቷቸው ነው» ስትዪ ግን ቀና አለ። የሴቶቹ እናቶች እንዴት እንዳጨበጨቡ አልረሳውም። አባቶቹ ዘግይተው ነው የጀመሩት፣ ግን ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቃታቸው።

ጆሮዎቹ ሲቆረጡ ልጆቹ እንዲርቁ ያልኩት ፍንጣሪውን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ፊቴን እንዳያዩት ነው። መነጽሬን አድርጌ ነበር፤ ይሄንንም መዝግቢልኝ።

ጠብታ የመጀመሪያዋ ሆና ገብታ መቀርቀሪያውን ስታዞር፣ «ቋ» ሲል፣ አንቺም ሰምተሻል። አልወጣም ብላ ውስጥ ሆና ስትዘፍን ተሰልፈው የሚጠብቁት ሊገድሏት ነበር። በሕይወቴ የሠራሁትን ሥራ እንዲህ የወደደልኝ ሰው የለም።

ከዚያ የሚጡ ተራ ደረሰ። መጥቼ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያናገረችኝ በጆሮዬ ብቻ ነበር። ገባች። ዘጋች። አንቺ «አንኳኳ» አልሽኝ። አንኳኳሁ።

«ሰው አለ!»

እቴ፣ ግቢው ሁሉ ነው የሰማው። ንብረት ከቢሮው «ማነው የሚጮኸው?» እያለ ወጣ። ድምጿ ነው! ያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጎረቤት የሚያስቀይመን ድምጿ! ድጋሚ አንኳኳሁ፤ ምንም ምክንያት የለኝም፣ ድጋሚ ልስማው ብዬ ነው። «ሰው አለ አልኩ እኮ፣ አባዬ!» አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለዚህ ነው ሳልሰናበትሽ የሄድኩት።

ያቺ ክር እኔ ጋ ናት። አልመልሳትም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 8

ለወንድሜ፣ ለጉልቤ፤

መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ፤ ፋታ አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገበያ ሆኗል። ድሮ ወንዶቹ ጥግ ጥጉን ይተኙበት ነበር፤ አሁን መተኛ ቦታ የለም። ሴቶቹ ውኃ ጠጥተው ነው የሚመጡት፤ ውኃ የጠጣ ሰው ደግሞ ይከራከራል። አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ ካልሠራንልሽ ይሉኛል። ድምፄ ተዘጋ፣ ደስ ብሎኝ ተዘጋ።

አንዲት ረጅም ልጅ ተመልሳ መጣች። አምና አቋርጣ ነበር፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ ስለምናት «በሩን ልየው» አለችኝ። መጥታ አየችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣች። አንድ ዓመት ባክኖባታል፤ እሱ ይቆጨኛል። እሷ ግን ቁጭቱን ለእኔ ትታ ትምህርቷን ይዛለች።

ንብረትማ ለይቶለታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤተ መጻሕፍቱን ዘሎ መጀመሪያ የሚያሳየው ሽንት ቤቱን ነው። «ስንጥቋን ተመልከቱልኝ፣ የእኛው ሰው ነው የሠራት» ይላል። ባለ መጥረጊያዋ ጠፍጣፋውን ብረት ወገቧ ላይ አስራ እንደ ጄኔራል ትንጎራደዳለች። ወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት መጥታ አይታ «ለእኛም» ብላለች፤ ደብዳቤዋ ከዚህ ጋር አለ። እሷ ግን የትኛው ክፍል እንደሆነ በግልጽ ጽፋልሃለች፤ ከእኔ ትሻላለች።

ጎረምሶቹስ ላልከኝ፦ ዳኛ ፊት ቀርበው ተፈርዶባቸዋል፤ ዝርዝሩን ስትመጣ ትሰማዋለህ። አጥሩ ቆሟል። ሚጡ በዚያ በኩል ስታልፍ አቅጣጫ አትቀይርም። ይሄ ይበቃኛል።

ሒሳቧን ጠይቀኸኛል። እሰይ፣ አሁን በሙሉ አፌ እመልስልሃለሁ፦ በመጋቢት ፈተና ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች። አንደኛዋ ረጅሟ ናት፤ በዚህ የተነሳ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። ለዋናው ፈተና እበልጣታለሁ ብላ ዝታለች፣ በጩኸት ነው የዛተችው፣ ጎረቤታችን ዶሮዎቿን ሰበሰበች።

ደብዳቤዋ አጭር ነው። ሰባት ገጽ የለመደ ዓይንህ ይከፋው ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አጭር ደብዳቤ ሳይ እስከ ዛሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ለወርክሾፑ ሰው ይሄንንም አንብብላቸው።

እህትህ


አባዬ፤

ደህና ነህ? ጠብታ ሰላም ብላሃለች። «አድጌያለሁ፣ መቀርቀሪያው አሁን ከትከሻዬ በታች ነው» በይልኝ ብላለች። ብዙ ልጽፍልህ ነበር፣ ደወሉ ተደወለ። ከሰዓት ሒሳብ አለኝ።

ልጅህ